«ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ»፦ የእቴጌ ጣይቱ ቃል በምክር ሸንጎ

«ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው ተረትና ምሳሌ በአማርኛ ተናጋሪው ሕዝብ ዘንድ ከጥንት ጀምሮ ሲነገር ኖሯል። አብዛኛው ሰው ምሳሌው የሴትን ዕውቀት ለማቃለል የተነገረ አድርጎ ይረዳዋል። በጥሞና ለተመለከተው ግን ቃሉ ሴት አታውቅም አይልም፤ ታውቃለች ነው የሚለው። የሚነፍጋት ማወቅን ሳይሆን መጨረስን ነው። ነገሩ የሚቆረጠው በሌላ አፍ፣ ማኅተሙም የሚያርፈው በሌላ እጅ ነው ማለት ነው። ስለሆነም የሴት መሪዎችን ታሪክ ለሚመረምር ሰው ዋናው ጥያቄ ሴቲቱ ደፋር ነበረች ወይስ ዓይነ አፋር የሚለው አይደለም። የተናገረችው ቃል በምን ላይ ቆሞ ነበር፣ ማንስ ፈጸመው የሚለው ነው።

ስለ እቴጌ ጣይቱ ብጡል ብዙ ተብሏል፤ ብዙም ተጽፏል። ይሁን እንጂ ከሚነገረው የሚበዛው ስለ ቁጣቸውና ስለ ወኔያቸው ነው። የኢጣልያ መልእክተኞችና የእነርሱን ወሬ የተከተሉ የውጭ አገር ጸሐፊዎች እቴጌይቱን በባላቸው ላይ የሠለጠኑ ግትር ሴት አድርገው ማቅረብ ይቀናቸው ነበር። የአገር ውስጡ ወግ በበኩሉ ያንኑ ግትርነት ጀግንነት ይለዋል። ሁለቱም ወገን የሚስተው አንድ ነገር ነው፤ ድፍረቱን ከእናታቸው ማሕፀን ይዘውት የወጡ አድርጎ ይቆጥረዋል እንጂ እንዴት እንደ ተገነባ አይጠይቅም።

ጣይቱ የተወለዱት በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ገደማ ሲሆን፣ በአባታቸው በኩል ሰሜንንና ትግሬን ይገዙ የነበሩት የደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ወገን ናቸው። በ1847 ዓ.ም. ውቤ በደረስጌ ድል ሲሆኑና ካሣ ኃይሉ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው እዚያው በደረስጌ ማርያም ዘውድ ሲጭኑ የቤተሰቡ ዕድል ተገለበጠ። እንግዲህ ጣይቱ ያደጉት ትልቅ ስም እንጂ ትልቅ ሥልጣን ባልቀረለት ቤት ነው። እንዲህ ያለ ቤት ለልጆቹ ርስት ባያወርስም የመንግሥትን ነገር ከሕፃንነት ጀምሮ መስማትን፣ ሹመትና ሽረትም በአንድ ቀን እንደሚፈራረቁ ማወቅን ያወርሳል።

ከዚህም ሌላ ትምህርት አለ። በዚያ ዘመን ከመኳንንት ወገን ለሆነ ወንድ እንኳ ፈረስ መጋለብና ጦር መወርወር እንጂ ጽሕፈት እንደ ሙያ አይቆጠርለትም ነበር፤ መጻፍ የደብተራ ሥራ ነው ተብሎ ይናቅ ነበርና። ጣይቱ ግን በጎጃም በደብረ መዊዕ ገዳም ሳሉ ንባብና ጽሕፈት፣ ግዕዝም ጭምር መማራቸው፣ በገናም መደርደራቸው ይነገራል። ይህን ብዙዎች ለሴት ወይዘሮ እንደሚገባ ጌጥ አድርገው ያልፉታል። ነገር ግን ኋላ የኢትዮጵያ ነፃነት በአንዲት የአማርኛ ግሥ ላይ በተንጠለጠለ ጊዜ በአዳራሹ ውስጥ ጽሑፍ ማንበብ የሚችል ሰው መቀመጡ ጌጥ አልነበረም።

በ1875 ዓ.ም. በፋሲካ ሰሞን ከንጉሥ ምኒልክ ጋር በአንኮበር መድኃኔ ዓለም ሲቆርቡ፣ ጣይቱ ከዚያ በፊት ሌሎች ጋብቻዎችን ያዩ፣ ክፉውንም ደጉንም የቀመሱ ሴት እንጂ ልጃገረድ አልነበሩም። ለሸዋው ንጉሥ ጋብቻው የሰሜንንና የየጁን ዝምድና አስገኘላቸው፤ ለጣይቱ ደግሞ የዙፋን ጎን። የወንድማቸው የራስ ወሌ ኃይል በየጁ ነበር። የወንድማቸውን ልጅ ወይዘሮ ከፈይ ወሌን ለራስ መንገሻ ዮሐንስ፣ ጉግሣ ወሌን ደግሞ ለምኒልክ ልጅ ለወይዘሮ ዘውዲቱ በጋብቻ በማቆራኘት የዝምድናውን መረብ አሰፉት። የራሳቸው ርስትና ጉልት፣ የራሳቸው ግምጃ ቤት፣ የራሳቸው አሽከርና ወታደር ነበራቸው። ፍል ውኃ አጠገብ ቤት አሠርተው በ1879 ዓ.ም. ስፍራውን አዲስ አበባ ብለው ሲሰይሙም ቃላቸው እንዲሁ በነፋስ የሚሄድ ቃል እንዳልነበረ ያሳያል፤ ስሙ እስከ ዛሬ የዋና ከተማ ስም ነው። ምኒልክ በጥቅምት 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ሲቀቡ፣ ጣይቱም በዚያው ሰሞን «ብርሃን ዘኢትዮጵያ» ተብለው የእቴጌነቱን ዘውድ ጫኑ።

እዚህ ላይ ስለ ሸንጎው ልማድ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በንጉሠ ነገሥቱ ችሎት አስተያየት የሚሰጠው ከታናሽ ጀምሮ ወደ ታላቅ ነው፤ ታናሹ በታላቁ ቃል እንዳይታሰር መጀመሪያ ይናገራል፣ የዙፋኑ ቃል መጨረሻ ላይ ይመጣና ነገሩን ይቆርጣል። ሥርዓቱ ጥበብ የሞላበት ነው። ዳሩ ግን ከታናሹ ሹም እስከ ታላቁ ራስ ድረስ በተዘረጋው መሰላል ውስጥ ለሴት የተቀመጠላት እርከን አልነበረም። እቴጌይቱ የሚናገሩት እንግዲህ ከመሰላሉ ውጭ፣ ከዙፋኑ ጎን ሆነው ነው። ይህ ስፍራ ብርታትም ድካምም ነበረው። ብርታቱ ከመጨረሻው ቃል አጠገብ መሆኑ ነው። ድካሙ ደግሞ ዙፋኑ ላይ የተቀመጠው ሰው ሲወድቅ ስፍራውም አብሮ የሚወድቅ መሆኑ ነው።

የውጫሌ ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ሲፈረም ሀያ አንቀጾች ነበሩት። የ17ኛው አንቀጽ አማርኛ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት መላላክ ይቻላቸዋል ይላል፤ የኢጣልያንኛው ጽሑፍ ግን ይህንኑ ግዴታ አድርጎ ያስቀምጠዋል። «ይቻላቸዋል» በሚለውና በግዴታው መካከል ያለው ርቀት በነፃ መንግሥትና በጥገኛ አገር መካከል ያለው ርቀት ነው። ምኒልክ መንገሣቸውን ለአውሮፓ ነገሥታት ጽፈው ሲያስታውቁ፣ መልእክታቸው በኢጣልያ በኩል ሊደርስ ይገባ ነበር የሚል መልስ መጣላቸው፤ ያን ጊዜ የተሸረበው ተንኮል ተገለጠ። ነገሩን ይበልጥ ያከበደው ደግሞ በራስ መኰንን የሮማ መልእክተኝነት ጊዜ ከኢጣልያ 4 ሚሊዮን ሊሬ ብድር መወሰዱ ነበር። ባለዕዳ ሆኖ ውል መከራከር ለማንም ቢሆን ከባድ ነው።

ኮንት አንቶኔሊ ጉዳዩን ለማለዘብ በ1883 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። ይህ ሰው በሸዋ ብዙ ዓመት የቆየ፣ የቤተ መንግሥቱን ወግ የሚያውቅ፣ ከምኒልክም ጋር የተላመደ ነበር። ክርክሩ የሚካሄደው ከንጉሡ ጋር ይሆናል ብሎ ጠብቆ ሳይሆን አይቀርም። የገጠመው ግን ንጉሡና እቴጌይቱ አብረው የተቀመጡበት ጉባኤ ነው።

የአንቶኔሊ መከራከሪያ አጭር ነበር። መንግሥቱ አንቀጹን ለሌሎች መንግሥታት አንድ ጊዜ አስታውቋልና፣ ተሳስቻለሁ ብሎ ቢመለስ ክብሩ ይዋረዳል የሚል ነው። የእቴጌይቱ መልስ በዚያው ሚዛን የተመዘነ ሆነ። የኢትዮጵያም መንግሥት አንቀጹ በራሱ ቋንቋ ምን እንደሚል ለመንግሥታቱ አስታውቋል፤ እናንተ ክብራችሁን እንደምትጠብቁ እኛም ክብራችንን እንጠብቃለን፤ ኢትዮጵያ የናንተ ጥገኛ መስላ እንድትታይ ትፈልጋላችሁ፣ ይህ ግን ከቶ አይሆንም የሚል ፍሬ ያለው ቃል መለሱለት።

ይህን መልስ ቁጣ ብቻ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው። እቴጌይቱ ውሉ ክፉ ነው ብለው አላለቀሱም፤ ስለ ወዳጅነት መፍረስም አልተማጠኑም። ተከራካሪያቸው ያቀረበውን መርሕ ተቀብለው በራሱ ላይ መለሱበት እንጂ። ክብር ለአንዱ ምክንያት ከሆነ ለሌላውም ምክንያት ነው። በአገራችን የሙግት ባህል ይህ የታወቀ ብልሃት ነው፤ ባላጋራን በገዛ አፉ መያዝ ይባላል። ከዚህ ጋር ደግሞ ሴት መሆናቸውንና ጦርነት እንደማይወዱ፣ ይህን ከመቀበል ግን ጦርነትን እንደሚመርጡ መናገራቸው ተመዝግቧል። ሴትነታቸውን የጠቀሱት ይቅርታ ለመጠየቅ አልነበረም። ከሴት የሚጠበቀውን የሰላም ቃል አስቀድመው በማስቀመጥ የሚከተለውን እምቢታ ይበልጥ አከበዱት። ጦር የሚወድ ሰው እዋጋለሁ ቢል ማንም አይደነግጥም።

በጥር ወር መጨረሻ የሆነው ነገር እንደ ቀልድ የሚወራ ቢሆንም ቁም ነገር አለበት። ብዙ ከተባለ በኋላ አንቶኔሊ አንድ የአማርኛ ጽሑፍ ቀርቦለት ፈረመ። እርሱ አንቀጹ እንዳለ ይቆያል የሚል መስሎት ነበር። ጽሑፉ በደንብ ሲተረጎምለት ግን 17ኛው አንቀጽ ተሰርዟል የሚል ሆኖ ተገኘ! በአንዲት ግሥ ትርጉም አገር ሊወስድ የመጣው መልእክተኛ በአንዲት ግሥ ተያዘ። ተቆጥቶ ፊርማውን ቀደደ፤ ከጥቂት ቀን በኋላም ከኮንት ሳሊምቤኒና ከዶክተር ትራቨርሲ ጋር አዲስ አበባን ለቆ ሄደ። ምኒልክ በሚያዝያ ወር የአገራቸውን ወሰን የሚገልጽ ደብዳቤ ለመንግሥታቱ ላኩ። በ1885 ዓ.ም. ደግሞ ውሉ መፍረሱን አስታወቁ፤ ብድሩም ተመለሰ።

በጊዜው የነበሩ የውጭ ሰዎች ምኒልክ «እሺ» ማለት፣ ጣይቱ «እምቢ» ማለት ይቀናቸዋል ይሉ ነበር። ከዚህ በመነሣት አንዳንዶች ንጉሡን በሚስታቸው የሚመሩ ደካማ አድርገው ይስሏቸዋል። በአድዋ የሆነውን ለሚያውቅ ይህ ግምት የሚያስቅ ነው። ይልቁንም ሁለቱ ሥራ ተከፋፍለው ነበር ማለት ለእውነት ይቀርባል። ንጉሥ ለእንግዳ ፊት ለፊት እምቢ ቢል በሩ ይዘጋል፤ እቴጌ እምቢ ስትል ግን በሩ ገርበብ ብሎ ይቆያል፤ ንጉሡም ጊዜ ያገኛል። ምኒልክ በዚህ ጊዜ መሣሪያ ገዝተዋል፣ መኳንንቱን አስታርቀዋል። የሴት ቃል በወንድ አለቀ ከተባለ እዚህ ላይ በእርግጥ አልቋል፤ ነገር ግን ያለቀው ተደምስሶ ሳይሆን ተፈጽሞ ነው።

ቃሉ በምን ላይ እንደ ቆመ በ1888 ዓ.ም. ዘመቻ ይበልጥ ታየ። እቴጌይቱ የዘመቱት 3000 ያህል እግረኛና 600 ያህል ፈረሰኛ የራሳቸውን ጦር ይዘው ነው። በመቀሌ እንዳ ኢየሱስ ላይ በማጆር ጋልያኖ የሚመራ ከ1000 በላይ ወታደር ጠንካራ ምሽግ ውስጥ ገብቶ ነበርና፣ ወደ ምሽጉ የተደረገው ግስገሳ ብዙ ሰው አስጨረሰ። ያን ጊዜ ምሽጉን በሰው ደም ከመክፈል ይልቅ የሚጠጣውን ምንጭ መያዝ ይሻላል የሚለውን ምክር ያቀረቡት እቴጌይቱ ናቸው። ምክሩን ሰጥተው ዝም አላሉም፤ ምንጩን ለመያዝ የሄደው የራሳቸው ሰው ነው። ምሽጉ ውኃ ተጠምቶ በጥር ወር እጁን ሰጠ።

ይህችን ነጥብ ማጉላት ይገባል። በሸንጎ የሚነገር ምክር ብዙ ጊዜ የሚከሽፈው ምክሩ መጥፎ ሆኖ ሳይሆን የሚፈጽመው ሰው በመታጣቱ ነው። ቤት የሌላት፣ ጦር የሌላት፣ ስንቅ የማታዝዝ ወይዘሮ ያንኑ የምንጭ ምክር ብትሰጥ «የሴት ነገር» ተብሎ ይታለፍ ነበር። እቴጌይቱ ግን ምክር ከማቅረብ አልፈው ምክሩን በራሳቸው ኪሣራ ለመሞከር ይችሉ ነበር። የካቲት 23 ቀን በአድዋ ጦር ሜዳ ላይ ሆነው የሚያፈገፍገውን ሲያበረታቱ፣ ሴቶቹም ለቁስለኛው ውኃ ሲያመላልሱ የታየው የዚሁ ቀጣይ ነው፤ ታሪኩ በሁሉ ዘንድ የታወቀ ስለሆነ እዚህ መድገም አያስፈልግም።

ከአድዋ በኋላ ዐሥር ዓመት ያህል የእቴጌይቱ ስፍራ አልተነቃነቀም። የምኒልክ ጤና ሲታወክ ግን ነገሩ መልኩን ለወጠ። ንጉሠ ነገሥቱ በ1901 ዓ.ም. የልጃቸውን ልጅ ልጅ ኢያሱን አልጋ ወራሽ አድርገው አሳወጁ፤ ሞግዚትነቱም ለራስ ተሰማ ናደው ተሰጠ። ምኒልክ ከአልጋ መነሣትና መናገር ባቃታቸው ጊዜ፣ ሹመትና ሽረት በእቴጌይቱ ቃል ይፈጸም ጀመር። የሸዋ መኳንንት ሥልጣኑ ወደ ሰሜን ዘመዶቻቸው ያዘነብላል ብለው ሠጉ። ሥጋታቸው ሐሰት ነበር ለማለት አይቻልም። ጣይቱ ከራሳቸው ማሕፀን ወራሽ አልነበራቸውምና፣ የሚተማመኑት በወንድማቸው ወገን ነበር። ሹመቱን ከሸዋ ታላላቆች ጋር ተካፍለው ቢሆን ምናልባት ወዳጅ ይበዛላቸው ነበር። ዳሩ ግን በዚያው ዘመን ዘመዱን ያልሾመ ራስ ማን ነበር? ለወንዱ ወግ የሆነው ለሴቲቱ ጥፋት ተባለ።

በመጋቢት 1902 ዓ.ም. መኳንንቱና የመሐል ሰፋሪው አለቆች ተማክረው፣ እቴጌይቱ ከመንግሥት ሥራ እጃቸውን አንሥተው የታመሙትን ባላቸውን ብቻ እንዲያስታምሙ አስታወቋቸው። የውሳኔው ቃል ራሱ ብዙ ያስተምራል። አልታሰሩም፣ በሞት አልተቀጡም፣ በክሕደትም አልተከሰሱም፤ ወደ ሚስትነት እንዲመለሱ ብቻ ታዘዙ። ከሀያ ሰባት ዓመት በፊት ከዙፋኑ ጎን ያስቀመጣቸው ጋብቻ አሁን ከዙፋኑ ለማራቅ ምክንያት ሆነ። ዕውቀታቸው አልቀነሰም፤ አንደበታቸውም አልተዘጋም። የጎደለው ቃሉን ተቀብሎ የሚያትመው እጅ ነው። ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ጣይቱ ወደ እንጦጦ ማርያም ወጡ፤ በዚያም በየካቲት 1910 ዓ.ም. ዐረፉ።

በዚህ መካከል በመስከረም 1909 ዓ.ም. ኢያሱ ከሥልጣን ተወግደው ዘውዲቱ ምኒልክ «ንግሥተ ነገሥታት» ተብለው ነገሡ። ዘውዱ በራሳቸው ስም የሴት ሆነ። የመንግሥቱ ሥራ ግን በአልጋ ወራሹና በባለሙሉ ሥልጣን እንደራሴው በተፈሪ መኰንን እጅ ገባ። ለጣይቱ ዘውድ ሳይኖር ቃል ነበረ፤ ለዘውዲቱ ዘውድ ኖሮ ቃሉ ተካፈለ።

እንግዲህ የሴት ቃል ከባልና ከአባት ዙፋን ሌላ መቆሚያ ማግኘት ነበረበት። ይህ መቆሚያ የተጀመረው በቤተ መንግሥት ሳይሆን በትምህርት ቤት ነው። እቴጌ መነን በ1923 ዓ.ም. በስማቸው ያቋቋሙት የሴቶች ትምህርት ቤት ከጠላት ወረራ በኋላ በኢትዮጵያዊት ርእሰ መምህርት ለመመራት በቃ፤ እርሷም ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ናቸው። ስንዱ በ1908 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ በ1911 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ከተላኩት የኢትዮጵያ መልእክተኞች አንዱ ነበሩ፤ ልጃቸውን በስዊስ አገር አስተማሩ። በወረራው ጊዜ ስንዱ በጎሬ ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ተሰልፈው፣ ተማርከውም ወደ ኢጣልያ ተግዘው በአዚናራ ደሴት ታሰሩ። በ1942 ዓ.ም. «የልቤ መጽሐፍ» የተባለው የግጥምና የቴአትር ሥራቸው ታተመ።

በጥቅምት 1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ለሴቶችም የመምረጥና የመመረጥ መብት ሰጠ። በ1950 ዓ.ም. መጀመሪያ በተካሄደው ምርጫ ስንዱ ገብሩ የመጀመሪያዋ ሴት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት እንደራሴ ሆኑ፤ ኋላም የምክር ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንት ለመሆን በቁ። ልዩነቱን ማስተዋል ያሻል። ጣይቱ በሸንጎው መሰላል ውስጥ እርከን ስላልነበራቸው ከጎን ሆነው ይናገሩ ነበር። ስንዱ ግን የቆሙት ከመሰላሉ ላይ ነው፤ ቃላቸው ቢወደድም ቢጠላም በመዝገብ ይገባል፣ ድምፃቸውም ይቆጠራል። ከዚያ ስፍራ ሆነውም ስለ ሴቶች መብት ተከራክረዋል።

ሆኖም አንዲት ድምፅ አንዲት ድምፅ ናት። እርሳቸው እንደራሴ በነበሩበት ዘመን፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ635ኛው ቁጥር ባል የቤተሰቡ አለቃ መሆኑን፣ ሚስትም ሕጋዊ በሆነው ነገር ሁሉ ልትታዘዘው እንደሚገባ ደነገገ። ለወንድ 18 ዓመት የነበረውን የጋብቻ ዕድሜም ለሴት 15 አደረገው። ለመኳንንቱ በ1902 ዓ.ም. ልማድ የነበረው በዚህ ጊዜ የታተመ ሕግ ሆነ ማለት ነው። ልማድ ግን ሲጻፍ በልማድነቱ ጊዜ ያልነበረው አንድ ነገር ያገኛል፤ ቁጥር ያገኛል። ቁጥር ያለውን ነገር ደግሞ ጠቅሶ መሞገትና እንዲሰረዝ መጠየቅ ይቻላል።

ቁጥር 635 አርባ ዓመት ቆየ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የባልን አለቅነት አስቀርቶ ባልና ሚስት በቤተሰባቸው አስተዳደር እኩል መብት እንዳላቸው ወሰነ፤ የጋብቻውንም ዕድሜ ለሁለቱም 18 ዓመት አደረገ። ያን ጊዜ ስንዱ ገብሩ የ84 ዓመት እናት ሆነው በሕይወት ነበሩ። ያረፉት በ2001 ዓ.ም. ነው።